የወረቀት ሞዴልን ለማጠንከር ስለሚቀቡት ቫርኒሽና ላከር፤ ቤትንና ልጆችን ሳይጎዱ እንዴት መሥራት እንደሚቻል

በየትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች፣ በየቤቱም የእጅ ሥራ የሚወዱ ልጆች ከካርቶንና ከወረቀት ልዩ ልዩ ነገር ይሠራሉ። አንዱ የመሬትን ሉል፣ አንዱ የልብን ወይም የሳምባን ቅርፅ፣ ሌላው ቤት፣ መኪና፣ ድልድይ ይሠራል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ የልጅን እጅም አእምሮም ያሠለጥናል። ነገር ግን ወረቀት ወረቀት ነውና እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲወድቅ ይጨማደዳል፣ አቧራም ይይዛል። ስለዚህ ሠሪው ይጠንክርልኝ፣ ያብረቅርቅልኝ ብሎ ከቀለም መደብር ቫርኒሽ፣ ላከር፣ ቲነር ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የጤና ነገር የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ይተኛል፣ ይበላል፣ ቡና ይፈላል፣ ሕፃን ይድኻል። በዚያው ክፍል ቫርኒሽ ሲቀባ ትነቱ ከሕፃኑ ትንፋሽና ከቡናው ከሰል ጋር ይገናኛል። አደጋው ከዚህ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የወረቀት ሞዴል ጥንካሬውን ማግኘት የሚገባው ከወረቀቱ ድርብርብና በውሃ ከሚበጠበጥ ማጣበቂያ ነው። ቫርኒሽ የላይ ልብስ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ጥቂት ቫርኒሽ ይበቃዋል፤ ጥቂቱን ደግሞ ደጅ አውጥቶ መቀባት አይከብድም።

1. ቫርኒሽና ላከር ምንድን ናቸው?

ሁለቱም ሲደርቁ እንደ ብርጭቆ ያለ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። አደራረቃቸው ግን ይለያያል፤ ጉዳታቸውም በዚያው ልክ ይለያያል።

ላከር የሚባለው ጠጣር ነገር በቲነር ሟሙቶ የተዘጋጀ ነው። በብዙ ላከር ውስጥ ያለው ጠጣር ነገር ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። ላከር ሲቀባ ቲነሩ ወደ አየር ይበንናል፣ ጠጣሩ ነገር በወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፈጥኖ ይደርቃል። ነገር ግን ከጣሳው ውስጥ የነበረው ቲነር በሙሉ የሚሄደው ወደምንተነፍሰው አየር ነው። «ደረቀ» ስንል «ቲነሩ ወደ ቤቱ አየር ገባ» ማለታችን ነው።

የዘይት ቫርኒሽ ደግሞ እንደ ተልባ ዘይት ካለ የሚደርቅ ዘይትና ከሙጫ ይሠራል። ይህ የሚጠነክረው ማቅጠኛው ሲተን ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየር ውስጥ ኦክሲጂን እየወሰደ ስለሚለወጥ ነው። ስለዚህ መድረቁ ቀናት ይወስዳል፣ ሲደርቅም ሙቀት ያወጣል። ይህ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በታች እናያለን።

ሦስተኛው ዓይነት በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቫርኒሽ ነው። ሽታው ያነሰ፣ እሳት የመያዝ አደጋውም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ብሩሹ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ለቤት ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው። ቢሆንም የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ ሲቀቡትም መስኮት መከፈት አለበት።

ከሁለት ጣሳ ተደባልቆ የሚሠራ ፖሊዩሬቴን የሚባል ቫርኒሽም አለ። የዚህ ማጠንከሪያ ኢሶሳያኔት የሚባል ነገር ስላለበት አስም ያስነሣል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ትነት እንኳ ሊያፍነው ይችላል። ይህ ለፋብሪካና ለተሟላ መከላከያ እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይሆንም። ለወረቀት ሞዴልማ ጨርሶ አያስፈልግም።

2. ጥንካሬው ከየት ይመጣል?

ሉዊ ኦዙ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም (ከ1797 እስከ 1880 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖረ) ለሕክምና ተማሪዎች የሰውን አካል ከወረቀት ሊጥ እየሠራ ያስተምር ነበር። ሞዴሎቹ እየተፈታቱ እንደገና የሚገጠሙ ነበሩ። ብዙዎቹ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ሊጡ የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ የዱቄት ማጣበቂያ፣ ኖራነት ያለው ዱቄትና የቡሽ ብናኝ የተቀላቀለበት ነበር። በቅርፅ ማውጫ ውስጥ ተጭኖ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባል፣ በመጨረሻም ቫርኒሽ ይደረግበታል። እንግዲህ በብዙ የተማሪ እጅ የተነካውን ነገር ያቆየው በመጀመሪያ ሊጡ ነው፤ ቫርኒሹ ቀለሙን ከእጅ እድፍ ጠበቀ።

እኛም ቤታችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን።

ለክብ ሥራ፣ ማለት ለሉል፣ ለልብ ቅርፅ፣ ለእንስሳ፦ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጓላ እንዳይኖረው አድርጎ መበጥበጥ፤ ከዚያ አራት ስኒ የፈላ ውሃ እያማሰሉ መጨመርና እንደ ወፈረ አጥሚት እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ማብሰል። ሲበርድ ቁርጥራጭ ጋዜጣ እየነከሩ መለጠፍ ነው። ከ4 እስከ 6 ድርብ ይበቃል። ሁለት ሁለት ድርብ ከተለጠፈ በኋላ ጸሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ውስጡ እርጥብ የቀረ ሥራ ይሻግታል፣ በረሮና አይጥም ይጠራል። ይህን ፈርቶ በማጣበቂያው ውስጥ የአይጥ ወይም የተባይ መርዝ የሚጨምር ሰው ካለ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ልጆች ያንን በእጃቸው እያቦኩ ነውና። መድኃኒቱ ማድረቅ ብቻ ነው።

ታጥፎ ለሚሠራ የካርቶን ሥራ፣ ማለት ለቤት፣ ለመኪና፣ ለድልድይ፦ የዱቄቱ ማጣበቂያ ወረቀቱን ስለሚያጣምመው ነጩን የእንጨት ኮላ መጠቀም ይሻላል። ሁለት እጅ ኮላ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ የሞዴሉን ውስጠኛ ገጽ በስሱ መቀባት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት። ከውስጥም የካርቶን ጎድን አጥንት እየቆረጡ ማእዘን ማእዘኑን መደገፍ። ቀለሙ በውሃ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ አስቀድሞ በቁራጭ ወረቀት ላይ መሞከር ይገባል።

ይህን ሁሉ ሕፃናት ከእናታቸው ጎን ቁጭ ብለው ሊሠሩት ይችላሉ። የፈላውን ውሃ ብቻ ትልቅ ሰው ይያዘው።

3. ትነቱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው

አንዳንድ እናቶች «ልጄ፣ ሽታው እኮ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ምን ያደርጋል?» ይሉናል። እውነት ነው እማማ፣ ሽታው ይጠፋል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ሽታው ሳይሆን የአፍንጫችን ማሽተት ነው፤ አፍንጫ ይለምዳልና።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። የቡና ሲኒ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል እንበል። በቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቶሉዊን የሚባለው ፈሳሽ ነው። በሲኒው ያለው ሁሉ ቶሉዊን ቢሆንና ቢተን ወደ 18 ሊትር የሚጠጋ ትነት ይወጣዋል። ክፍሉ በ3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ በሩና መስኮቱም ቢዘጋ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 800 እጅ ያህሉ ትነት ይሆናል። በአሜሪካ የሠራተኞችን ጤና የሚያጠናው ናይኦሽ የተባለው ተቋም ሠራተኛ በሥራ ቀኑ በአማካይ ከ100 እጅ በላይ እንዳይተነፍስ ይመክራል፤ 500 እጅ ሲደርስ ደግሞ ለሕይወትና ለጤና ወዲያው አስጊ ነው ይላል። እንግዲህ በአንድ ሲኒ ብቻ ከዚያ አለፍን ማለት ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ዐይን ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ነው። ሲበዛ ራስን ያስታል፤ የልብን አመታትም ሊያውክ ይችላል። ዘወትር የሚተነፍሰው ሰው ነርቭና አእምሮው ይጎዳል፤ ማስታወስ ያቅተዋል። በየመንገዱ ማስቲሽ የሚያሸቱትን ልጆች የሚያደነዝዛቸው ይኸው ዓይነት ትነት ነው። በነሱ ላይ ያየነውን በገዛ ቤታችን በሌላ ስም ማስገባት የለብንም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ከዚህ ሥራ አጠገብ ጨርሶ መገኘት አይገባቸውም።

«ጭምብል አደርጋለሁ» የሚልም አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የለመድነው የጨርቅና የሐኪም ጭምብል ጠብታን ይይዛል እንጂ ትነትን አይዝም። ትነትን የሚይዘው የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ልዩ ማጣሪያ ብቻ ነው። ለቤት ሰው ከሁሉ የሚሻለው ክፍት ሜዳና ነፋስ ነው።

4. ትነትና እሳት

ቶሉዊን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አሴቶን የሚባለው ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሳለ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። ይህም ማለት በየትኛውም ቤታችን፣ በማለዳም ቢሆን፣ ቲነር ጣሳው ከተከፈተ እሳት ለመያዝ ዝግጁ ነው። የቶሉዊን ትነት ከአየር 3 ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ወለሉን እየሄደ በበር ሥር ያልፋል። ከወዲያ ማዶ የቡና ከሰል ወይም የዕጣን ማጤሻ ካገኘ እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እስከ ጣሳው ይደርሳል። ሰው «እኔ እሳት አጠገብ አልነበርኩም» ይላል፤ እሳቱ ግን ራሱ መጣበት።

በተለይ በክረምት ጥንቃቄ ይጨመር። ዝናብ ሲበዛ ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅም፣ ላከርም በእርጥብ አየር ሲቀባ ነጭ ጉም የመሰለ ይለብሳል። ይህን አይቶ በሩን ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ሊያደርቀው የሚያስብ ሰው ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ ይጠራል፤ አንዱ ቃጠሎ ነው፣ ሁለተኛው የከሰሉ ጢስ መርዝ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው፤ ሞዴል አይቸኩልም።

በቆርቆሮ የታሸገ የሚረጭ ቫርኒሽም ደቃቅ ጠብታው ወደ ሳምባ ይገባል። ጣሳውም ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ስለሚችል ባዶ ቢሆንም እሳት ውስጥ አይጣል።

5. በራሱ የሚቀጣጠል ጨርቅ

ተልባ በጽዋ ብንጠጣው ጤና ነው። የተልባ ዘይት ያለበት ቫርኒሽ የተጠረገበት ጨርቅ ግን ሌላ ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል ብለናል። ጨርቁ ተጨማድዶ በጥግ ወይም በቆሻሻ ቅርጫት ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ በሥራው ፍጻሜ ወዲያው በውሃ ይነከርና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወይም ከቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ በገመድ ላይ ተዘርግቶ አንድ በአንድ ይድረቅ።

6. እርሳስ፣ ጠርሙስና ባዶ ባልዲ

በድሮ ቀለሞችና ማድረቂያዎች ውስጥ፣ በተለይም በብጫና በቀይ ቀለም፣ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ይገኛል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ ከአሮጌ ጣሳ የተረፈ ቀለም ለልጅ መጫወቻ አይሁን። የደረቀውን ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ካስፈለገ አቧራው እንዳይነሣ በጥቂቱ አርጥቦ ነው።

ቲነርና ቫርኒሽ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ አይቀመጥ። ውሃ የሚመስል ነገር በውሃ ዕቃ ካለ ልጅ ይጠጣዋል፤ ትልቅ ሰውም በጨለማ ይሳሳታል። በራሱ ጣሳ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከከፍታ ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ። ባዶው የቀለም ባልዲም ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ፣ ለሊጥ፣ ለእህል አይሁን። የተረፈውንም በሽንት ቤት፣ በቦይ ወይም በወንዝ መድፋት አይገባም፤ ሌላው ሰው ከታች ይቀዳዋልና።

7. በቅደም ተከተል እንዲህ ይሠራል

አንደኛ፣ ሞዴሉ በማጣበቂያና በድርብርብ ወረቀት ይጠንክር፤ ፈጽሞም ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ ከተገኘ በውሃ የሚቀጥነው ቫርኒሽ ይመረጥ። ሌላ ከጠፋ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ትንሽ ጣሳ ብቻ ይገዛ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጸሐይ በወጣችበት፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ። ሠሪው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቁም። ልጆች ከነፋሱ በላይ በሩቁ ይመልከቱ።

አራተኛ፣ በሰፊ ብሩሽ በስሱ ይቀባ። ሁለት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ድርብ ይበልጣል፤ ወፍራሙ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ሥራው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ቀናት ከውጭ በጥላ ይቆይ። ወደ መኝታ ክፍል ቶሎ አይግባ።

ስድስተኛ፣ እጅ በቲነር ወይም በቤንዚን አይታጠብ፤ ቆዳን ያደርቃል፣ ወደ ሰውነትም ይገባል። በጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይበቃል። ከመብላት በፊትም ይህ አይዘንጋ።

8. አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ

ልጅ ቲነር፣ ቫርኒሽ ወይም ነጭ ጋዝ ከጠጣ፦ አታስመልሱት። ወተትም አታጠጡት። ይህን ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ወተት መርዙን አያከሽፈውም፣ ማስታወክንም ያመጣል። ፈሳሹ ሲወጣ ወደ ሳምባ ከገባ ከሆድ ውስጥ ካለው ይልቅ የሚገድለው እሱ ነው። ጣሳውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ።

በትነት ያዞረው ሰው፦ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ልብሱ ይላላ። ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛና በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ዐይን ውስጥ ከገባ፦ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ቲነር ከነደደ፦ ውሃ አይደፋበት፤ እሳቱ በውሃው ላይ ተንሳፎ ይስፋፋል። አሸዋ ወይም አፈር ይበተንበት፣ ትንሽ ከሆነም በእርጥብ ብርድ ልብስ ይታፈን። እሳቱ ከበረታ ግን ዕቃ ለማዳን አትመለሱ፤ ሰው ይውጣ። የሰው ልብስ ከነደደ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል።

የተቃጠለ አካል፦ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ልጆቻችሁን ከእጅ ሥራ እንድትከለክሉ አይደለም። ልጅ ይሥራ፣ መምህሩም ያስተምርበት። በአንድ እፍኝ ዱቄትና በአሮጌ ጋዜጣ የተሠራ የልብ ቅርፅ ክፍሉን ሁሉ ሊያስተምር ይችላል። የቫርኒሹ ጣሳ ግን ከደጅ ይከፈት፣ ከደጅ ይዘጋ፤ ክዳኑንም የሚያጠብቀው ትልቅ ሰው ይሁን።